ሽታዬ ፈተና የገባችበት ቀን

“ሕፃን ይዞ መግባት ክልክል ነው አልኩሽ!” አለ ጥበቃው፣ ክንዱን በበሩ ላይ ዘርግቶ።

ሽታዬ ወደ ኋላዋ ዞረች። ሌሎቹ ተፈታኞች ገብተው አልቀዋል። ሚኒባስ የሚነዳው ባሏ ደመላሽ መንገድ ተዘግቶበት አማኑኤል ከተማ አድሯል። አጠገቧ ያሉት የባሏ አባት መሪጌታ ወልደ ሰንበት ብቻ ናቸው። ለዐይን ሕክምና ከደብረ ወርቅ ከመጡ ሳምንት ሆኗቸዋል። ትናንት ማታ በስልክ ለልጃቸው፣ “አራስ ልጅ ያላት ሴት ምን ትምህርት ያምራታል?” ሲሉት ሰምታለች።

“አምጫት” አሉ መሪጌታ፣ እጃቸውን እየዘረጉ።

“አባባ፣ ብታለቅስብዎትስ?”

“ሕፃን ማልቀሱ አዲስ ነው እንዴ? ግቢ!”

በበሩ አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር አስቀመጠቻቸው፤ ሕፃኗን መክሊትን በጋቢያቸው ውስጥ አስታቀፈቻቸውና ሮጠች።

ሽታዬ ለማዘጋጃ ቤቱ ቦታ ትለካለች። ሌሎች በወረቀት ያወጡትን ፕላን ችካል እየተከለች መሬት ላይ ታወርዳለች። መንገዱ ለምን በዚያ በኩል እንደሚያልፍ የሚጠይቃት ቢኖር መልስ አልነበራትም፤ ለከተማ ፕላን የማስተርስ ትምህርት ያመለከተችውም ለዚሁ ነው። አምና ከመግቢያ ፈተናው በእርግዝና ምክንያት ቀረች። ዘንድሮ ከቀረች መሥሪያ ቤቱ ዕድሉን ለሌላ ሠራተኛ ይሰጠዋል።

የመጀመሪያው ጥያቄ በምታውቁት ከተማ አንድ የእግረኛ መንገድ መርጣችሁ ችግሩን በንድፍ አሳዩ ይላል። ጠዋት የመጡበትን መንገድ ነደፈች፦ መሪጌታ በዳበሳ የተሻገሩትን ክዳን የሌለው ቦይ፣ ባጃጆች እግረኛውን ወደ አስፋልቱ የገፉበትን መታጠፊያ፣ ጉልበታቸው ሲዝል አረፍ የሚሉበት አጥተው የተደገፉትን የቆርቆሮ አጥር። እጇ ፈጠነ።

ከዚያ መክሊት አለቀሰች።

ድምፁ በመስኮቱ ገባ። የረሃብ ለቅሶ ነው። ጡቷ አጋተ፣ ሸሚዟ ረጠበ፣ እርሳሷ ቆመ። ለቅሶው እየባሰ፣ እየባሰ ሄደና በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ጸጥታው ይበልጥ አስፈራት። አንገቷን አስግጋ ወደ ውጭ አየች። ከዛፉ ሥር ማንም የለም።

“ምን ፈለግሽ?” አለ ፈታኙ፣ ከጎኗ መጥቶ።

“ልጄ እዚያ ነበረች። አንዴ አይቻት ልመለስ።”

“ከወጣሽ መመለስ የለም።”

ከወንበሯ ብድግ አለች። ዐይናቸው በቅጡ የማያይ ሽማግሌ፣ ያ ሁሉ መኪና... ወረቀቷን አየች፤ መስኮቱን አየች። ላታምናቸው ነው ጠዋት ያስታቀፈቻቸው? ጥርሷን ነክሳ ተቀመጠች። የቀረውን እንዴት እንደጻፈችው አታውቅም።

ስትወጣ ጥበቃው ሳትጠይቀው በአገጩ ወደ አስፋልቱ ማዶ አመለከታት፤ ሮጣ ተሻገረች። መሪጌታ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው፣ ጋቢያቸውን በሁለት እጃቸው እንደ መጋረጃ ዘርግተው ቆመዋል። ከጋቢው ጀርባ አንዲት ድንች ሻጭ የራሷን ሕፃን አጠገቧ አስተኝታ መክሊትን ታጠባለች።

“አይዞሽ፣ ጠግባለች” አለቻት ሴትዮዋ።

ሽታዬ ወደ መሪጌታ ዞረች። “አባባ፣ አስፋልቱን እንዴት ተሻገሩ?”

“የሰው ክንድ ይዤ።” መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “በዚህ ዕድሜዬ ጡት ለመንኩ። የወዲያኞቹ ሻጮች ሳቁብኝ። ይችኛዋ እግዜር ይስጣት።”

“ትምህርቱን እንኳ ሳይወዱልኝ...”

“አሁንም አልወደድኩትም። ጀምረሽ ግን አትተይውም።”

የቃል ጥያቄው ከምሳ በኋላ እንደሚሆን፣ የእሷም ተራ ወደ መጨረሻው እንደሆነ ነገረቻቸው። የዐይናቸው ቀጠሮም ከሰዓት በኋላ ነው፤ ብቻቸውን ደግሞ ሆስፒታል አይደርሱም።

“እኔ ሌላ ቀን እሄዳለሁ” አሉ መሪጌታ።

ለዚያች ቀጠሮ ስንት ወር እንደጠበቁ ታውቃለች። ሴትዮዋን አመስግና መክሊትን አዘለቻት፤ የሽማግሌውን ክንድ ይዛ ተሻገረች። ፈታኙን ወረቀቶቹን ታቅፎ ከግቢው ሲወጣ አገኘችው።

“ከሰዓት መጀመሪያ የምጠየቀው እኔ ነኝ” አለችው። “ከዚያ አባቴን ሐኪም ዘንድ አደርሳለሁ።”

ፈታኙ ጀርባዋን አየ። “ሕፃኗስ?”

“አብራኝ ትገባለች።”