የኬላ ክብደት

ውሻውን ስረከብ አሥራ ስድስት ኪሎ ይመዝን ነበር። ቁጥሩን ዶክተር ነስራ በቀይ እስክሪብቶ ጻፈችና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

“አዴር ሀብተየስ፣ ይኼን አይተውታል?” አለችኝ። አዴር በሶማልኛ አጎት ማለት ነው። ጅጅጋ ውስጥ ፀጉሩ የሸበተ ወንድ ሁሉ የሆነ ሰው አጎት ነው።

“አይቻለሁ።”

“በአሥራ አምስተኛው ቀን ቤትዎ መጥቼ እመዝነዋለሁ። ከዚህ ከቀነሰ ይዤው እመለሳለሁ። ሁለት ቤት ሄዶ ሁለቴ ተመልሷል። ለሦስተኛ ጊዜ ከተመለሰ ለማንም አልሰጠውም፤ እዚሁ ያረጃል።”

እዚሁ ያለችው ከከተማው መውጫ፣ ወደ ካራማራ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለውን የድሮ የእህል መጋዘን ነው። እሷና ሁለት የእንስሳት ሐኪም ጓደኞቿ ባለቤት ለሌላቸው ውሾች ማቆያ አድርገውታል። ነስራ ከላይ ሂጃብ፣ ከመካከል ነጭ ጋውን፣ ከታች የላስቲክ ቦት ጫማ ናት። ስትናገር ከሦስቱ በየትኛው እንደምትናገር አይታወቅም፤ ብቻ ሰው ይታዘዛል።

የውሻው ስም ኬላ ነው። ያደገው በቶጎጫሌ መንገድ፣ ከአንድ ኬላ ገመድ ሥር ነበር። ኬላው ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር ፈታሾቹ ሄዱ፣ ገመዱም ሄደ፣ እሱ ብቻ ሥራውን ቀጠለ። በር ላይ ይጋደምና ገቢውን ሁሉ ያስቆማል። ፌስታል የያዘ ከሆነ ፌስታሉን፣ ካልያዘ ኪሱን ያሸታል። የመጀመሪያዎቹ ወሳጆች የመለሱት እንግዳ መምጣት ስላቆመባቸው ነው። ሁለተኛዎቹ ደግሞ አማትየውን ደጅ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ስላቆማቸው።

እኔ ጡረታ ከወጣሁ ያኔ ስምንት ወር ሆኖኝ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቼ ቤት ስውል ባለቤቴ እማዋይሽ ለሁለት ሳምንት ደስ አላት። በሦስተኛው ሳምንት የቅመም ብልቃጦቿን በፊደል ተራ ስደረድር አገኘችኝ።

“የምትቆጣጠረው ነገር ፈልግ” አለችኝ። “እኔን ግን ተወኝ።”

ማቆያው የሄድኩት ለዚህ ነው። ሌሎቹ ውሾች ይጮሃሉ፣ ይዘላሉ፣ ጅራታቸውን ይቆላሉ። ኬላ ዝም ብሎ መጣና ኪሴን አሸተተ። መታወቂያዬን አውጥቼ ላሳየው ትንሽ ነው የቀረኝ። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ሥራውን እንዲህ የሚያከብር ሠራተኛ አላጋጠመኝም። ይኼ ውሻ የኔ ካልሆነ ቀሪውን ዕድሜዬን ብልቃጥ ስደረድር እንደምኖር ገባኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 30 ቀን 2016 በባጃጅ ይዤው ገባሁ። ከደስታዬ ብዛት ቀን መቁጠሪያ አላየሁም። መዝገብ ቤት ለሠራ ሰው ይኼ ትልቅ ጥፋት ነው። እሑድ ቅበላ ሆነና ኬላ እንደ ሙሽራ በላ። ሰኞ ሁዳዴ ገባ። በዚያው ሰኞ ረመዳንም ገባ።

ለቁርሱ እማዋይሽ ሽሮ በእንጀራ ፈትፍታ አቀረበችለት። አሸተተና ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ።

“ይለምደዋል” አለች። “እኛ ለምደነው የለ?”

“እኛማ ሃይማኖት አለን።”

“እሱስ የማን ቤት ነው ያለው?”

ከዚህ በላይ አልተከራከርኩም። እማዋይሽ በቅበላ ማታ ድስቶቿን በፈላ ውኃ አጥባ ትገለብጣለች። ከዚያ በኋላ እስከ ፋሲካ ሥጋ በበራችን አይገባም። በትዳራችን ሠላሳ አንድ ሁዳዴ አልፏል፤ ገብቶ አያውቅም።

ከቆርቆሮ አጥራችን ማዶ ጎረቤታችን ሐጂ ዋርፋ አሉ። ሃያ ሁለት ዓመት በቶጎጫሌ መንገድ አይሱዙ ነድተው አሁን ቤታቸው ውለዋል። ኬላን እንዳዩት በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አሰገጉ።

“ሀብቴ፣ ይኼ የኔ ኬላ አይደለም እንዴ? ስንት ዓመት ዳቦ ወርውሬለታለሁ። ዳቦ ሳይበላ መኪና አያሳልፍም ነበር። ምን እያበላኸው ነው?”

“ሽሮ።”

“ወላሂ?”

“እኛም የምንበላው እሱኑ ነው።”

“እናንተ ጽድቅ ፈልጋችሁ ነው። እሱ ምን አጠፋ?”

“ታዲያ ከናንተ ቤት የሚተርፍ የለም?”

ሐጂ ወደ ኋላቸው፣ ሚስታቸው ወዳለችበት አዩና ድምፃቸውን ቀነሱ። “ዐምራንን ታውቃታለህ። ውሻ ቀሚሷን ከላሰ ሰባት ጊዜ ታጥባለች፣ አንዱን በአፈር። በረመዳን የቤቴን ምግብ ለውሻ ሰጠሁ ብላት እኔን ነው ሰባት ጊዜ የምታጥበኝ።”

በአራተኛው ቀን የኬላ ጎድን አጥንት መቆጠር ጀመረ። እኔም ቆጠርኩ። አሥራ ስድስቱ ኪሎ እዚያው ዓይኔ ሥር ሲቀልጥ ታየኝና ኮቴን ለብሼ ወጣሁ።

የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች እስከ ፋሲካ ዝግ ናቸው። የሙስሊሞቹ ክፍት ናቸው፤ ግን እኛ ከእነሱ ሥጋ አንገዛም፣ እነሱም ከእኛ አይገዙም። ሌላውን ሁሉ አብረን ነው። እንግዲህ በሁዳዴ፣ አንድ የሰንበቴ ማኅበር አባል፣ ከሙስሊም ሥጋ ቤት። ሁለት ጉድ በአንድ ፌስታል ማለት ነው። ስለዚህ የማያውቀኝ ሥጋ ሻጭ ፍለጋ እስከ ባቢሌ መውጫ ድረስ በእግሬ ሄድኩ።

“እንዴት ዋልክ ሀብተየስ?” አለኝ ባለሥጋ ቤቱ። ዒጋል ነው፤ የአባቱን የርስት ፋይል ያወጣሁለት እኔ ነኝ። “ጾም ገብቶ የለም እንዴ?”

“ለውሻ ነው።”

“እሺ” አለ ቢላውን እየሳለ። “አምና አንዱ ለድመት ነው ብሎ ሦስት ኪሎ ቅልጥም ወሰደ።”

“እውነቴን እኮ ነው።”

“እኔ ምን አልኩ? ውሻው የሚወደው ጥብስ ነው ጉበት?”

“ጉበት።”

“ከነአዋዜው?”

ግማሽ ኪሎ በጥቁር ፌስታል ይዤ ስመለስ የሰንበቴያችን ሰብሳቢ መላኩ ከፊት ለፊቴ መጣ። መንገድ ልሻገር ስል የጭነት መኪና አላሳልፍ አለኝ።

“ምን ይዘህ ነው?”

“ቲማቲም።”

ፌስታሉ ጫማዬ ላይ አንድ ቀይ ጠብታ ጣለ። መላኩ ጠብታውን አየ፣ እኔን አየ።

“በጣም በስሏል” አለና ሄደ።

እማዋይሽ ቅዳሴ ስትሄድ ጠብቄ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ለኬላ ሰጠሁት። በሦስት ጉርሻ ጨረሰና ሌላ የደበቅሁት ካለ ብሎ እጅጌዬን ፈተሸ። ከዚያ ወዲያ በየሁለት ቀኑ ባቢሌ መውጫ ስመላለስ ሰነበትኩ። እማዋይሽ ‘የእግር ጉዞ ጀመረ’ ብላ ለልጃችን በስልክ ነገረቻት።

በዘጠነኛው ቀን የጎድን አጥንቱ ጠፋ። በአሥራ አንደኛው አንገቱ ወፈረ። በአሥራ ሦስተኛው በር ላይ ሲጋደም ሰው ሊረግጠው እንጂ ሊዘለው አይችልም ነበር። እኔ በሌሊት ልብሴ ወጥቼ በዓይኔ እመዝነዋለሁ፤ ዒጋልን በልቤ አመሰግናለሁ። በሁለት ቀን አንዴ ግማሽ ኪሎ ጉበት ይኼን ያህል ይሠራል ብዬ አልገመትኩም ነበር።

“ሽሮው ተስማማው” አለች እማዋይሽ፣ ወደ ሌላ እያየች።

“ሽሮን የሚያክል ነገር የለም” አልኩ እኔም፣ ወደ ሌላ እያየሁ።

“ማሻአላህ” አሉ ሐጂ ዋርፋ ከአጥሩ ላይ። “ሽሮ ማለት እንዲህ ነው ለካ።”

እሑድ መጋቢት 15 ረፋዱ ላይ ነስራ የበግ ሚዛኗን ተሸክማ ከባጃጅ ወረደች። ኬላ በር ላይ አስቁሞ ቦርሳዋን ፈተሸ፤ ቆማ አስፈተሸች። ሚዛኑን ከኒም ዛፋችን ላይ ሰቀለች፣ ኬላን በጆንያ ማዘያ አቀፈችና አንጠለጠለችው። ቅርንጫፉ ሲጥጥ አለ። የሚዛኑ ቀስት አሥራ ስድስትን አለፈ፣ አሥራ ስምንትን አለፈ። እኔ እማዋይሽን ክንዷን ይዤ ነበር። ሃያንም አለፈ።

“ሃያ አንድ ተኩል” አለች ነስራ።

እልል ማለት የኔ ሥራ ቢሆን እልል እል ነበር። አሸነፍን ብዬ ዞር ስል ነስራ ግን አልሳቀችም። ኬላን አውርዳ ሆዱን ትጫናለች፣ ድዱን ገልጣ ታያለች።

“ምን እየበላ ነው?”

“ሽሮ” አለች እማዋይሽ።

“ሽሮ” አልኩ።

“ሌላስ?”

እማዋይሽ ወደ ዶሮዎቹ ቤት አየች፤ እኔ ጫማዬን አየሁ።

“ሽሮ በአሥራ አምስት ቀን አምስት ኪሎ ተኩል አይጨምርም። በሽሮ እንዲህ ካበጠ ሆዱ ውኃ ይዟል ማለት ነው፤ ጉበቱን አሞታል። ወስጄው ማየት አለብኝ።”

“ተሽሎት ይመለሳል አይደል?” አልኩ።

“አዴር፣ ነግሬዎት ነበር። ይኼ ሦስተኛው ነው።”

ገመዱን ከኪሷ አውጥታ አንገቱ ላይ አሰረች። ኬላ ተነሳና አብሯት ሁለት እርምጃ ሄደ። ከዚያ ቆም ብሎ ዞረና አየኝ፤ ወረቀቱ የጎደለ ሰው እንደሚታየው።

“ጉበት” አልኩ።

“አዎ፣ ጉበቱን ነው የምለው።”

“አይደለም። እኔ ነኝ ያበላሁት። ከዒጋል ሥጋ ቤት፣ በየሁለት ቀኑ ግማሽ ኪሎ።”

እማዋይሽን ለማየት አልደፈርኩም። ድምፅዋን ግን ሰማሁ።

“ቲማቲም” አለች። መላኩ ለሚስቱ ነግሯል፣ ሚስቱም ለሷ። እስካሁን ምንም ሳትለኝ ይዛው ኖራለች።

“ጉበት ብቻውን እዚህ አያደርሰውም” አለች ነስራ። ገመዱን አለቀቀችም።

“እንቁላልም አለ” አለች እማዋይሽ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች። “ጥሬውን። በቀን ሦስት፣ አራት።”

“ዶሮዎቹ መጣል አቁመዋል አላልሽኝም?”

“አንተስ የእግር ጉዞ ነው አላልከኝም?”

ከአጥሩ ማዶ የዐምራን ድምፅ መጣ። “እማዋይሽዬ፣ የሁዳዴ እንቁላል በየዓመቱ ለኔ አልነበር የምትሰጪው? እኔ ዘንድሮ ምን በድያት ይሆን እያልኩ።”

ቀና ስንል ሐጂ ዋርፋና ባለቤታቸው ጎን ለጎን በአጥሩ ላይ ናቸው። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ አላውቅም። ነስራ በሶማልኛ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው። ሐጂ በአማርኛ መለሱ፤ ለሷ ይሁን ለኛ አልገባኝም።

“ሰንቡሳ” አሉ። “ሁለት። አንዳንዴ አራት።”

“ለሰፈሩ ዘበኛ ነው ብለኸኝ የምትወስደው?” አለች ዐምራን።

“ታዲያ ከሱ የበለጠ ማን ይጠብቃል?”

ሁላችንም ዐምራን እንድትቆጣ ጠበቅን። ዐምራን ሻሿን ከአገጯ በታች አጠበቀች።

“እኔ ነክቼው አላውቅም” አለች። “ከሌሊቱ ምግብ፣ ከሱሁር የተረፈውን ሩዝ በአጥሩ ሥር እደፋለሁ። የግመል ሥጋ ካለበት አለበት። በአጥሩ ሥር ማን አፉን እንደሚያስገባ እኔ በምን አውቃለሁ?”

“በየቀኑ?” አለች ነስራ።

“በየቀኑ ነዋ። በረመዳን አንድ ፍጡር ደጄ ላይ ተርቦ ይደር?”

ነስራ ሁሉንም ጻፈች። ጉበት፣ እንቁላል፣ ሰንቡሳ፣ ሩዝ ከግመል ሥጋ ጋር። ደምራ፣ እንደገና ደምራ፣ ወደ ኬላ አየች። ሆዱን እንደገና ተጫነች፤ አሁን ግን በሁለት ጣት ብቻ፣ ጆሮዋን አቅርባ።

“አልታመመም” አለች። “እዚህ ሰፈር የማይጾም እሱ ብቻ ነው።”

ገመዱን ፈታችው። ከቦርሳዋ ቅጹን አውጥታ ሰጠችኝ። “ውሉ ስለ መቀነስ እንጂ ስለ መጨመር አይናገርም። ይፈርሙ።”

ፈረምኩ። ከችኮላዬ የተነሳ ፊርማዬ የሌላ ሰው መሰለ፤ መዝገብ ቤት ቢመጣልኝ እኔው ራሴ እመልሰው ነበር። ሐጂ ዋርፋ ምስክር የሚል መስመር ካለ ብለው በአጥሩ ላይ እጃቸውን ዘረጉ። አልነበረም። ቅጹን ግን ተቀብለው ከጥግ ፈረሙበት።

“አሁን ስሙኝ” አለች ነስራ። “እንዲህ ከቀጠለ ልቡ ይፈነዳል። ከዛሬ ጀምሮ በቀን አንዴ ብቻ። አንድ ሰሃን፣ አንድ ሰዓት።”

“ይጹም እያልሽ ነው?” አለች እማዋይሽ።

“ከፈለጋችሁ እንደሱ በሉት።”

“ከጾመማ የሚበላው ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ቅዳሴ ሲወጣ።”

“በአዛን ነው እንጂ” አሉ ሐጂ። “ፀሐይ እያለ ጾም የሚፈታው ማነው?”

“ሐጂ፣ የክርስቲያን ውሻ እኮ ነው” አለች እማዋይሽ።

“የቶጎጫሌ መንገድ ውሻ ነው። በኔ ዳቦ ነው ያደገው።”

ኬላ ከአንዱ ወደ አንዱ ያያል። ነስራ ሚዛኗን ትጠቀልላለች። ይኼኔ ዐምራን ጣልቃ ገባች፤ ረጋ ብላ፣ ሽማግሌ እንደሚናገረው።

“ዒድ እስኪደርስ በኛ ሰዓት ይሁን” አለች። “ከዒድ እስከ ፋሲካ እናንተ ገና ሃያ አምስት ቀን ይቀራችኋል። ያኔ በናንተ።”

እማዋይሽ አሰበችበት። በጣቷ ቆጠረች። “ሰሃኑ ግን በኛ ግቢ ነው የሚቀመጠው” አለች።

“በናንተ ግቢ።”

በዚህ ተስማማን። ነስራ ባጃጅ ውስጥ ገብታ ስትሄድ ቀን ስድስት ሰዓት ነበር፤ ለአዛን ስድስት ሰዓት ከሩብ ይቀራል። እኔ በርጩማዬን አምጥቼ ኬላ አጠገብ ተቀመጥኩ። እማዋይሽ ደግሞ ወጥ ቤት ሳትገባ ደጁ ላይ ምስር ትለቅም ጀመር። ሐጂና ዐምራን ከአጥሩ ላይ አልወረዱም። ያን ቀን እያንዳንዳችን ኬላን ከሌሎቹ ከሦስቱ እጅ ስንጠብቅ ዋልን።