አባባን ያስነሳሁበት ጆይስቲክ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለባለቤቴም ጭምር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አባቴ የሚንቀሳቀሰው በእኔ ስልክ ነበር።

እናቴ ካረፈች በኋላ አባባ ከሶፋው አልተነሳም። ሐኪሙ መርምሮ እግሩ ደህና ነው አለ። በሰባተኛው ወር፣ አንድ ቅዳሜ፣ ሙዚቃ ልሰማ ብሉቱዝ ስከፍት ከተዘረዘሩት ስሞች መካከል «ጥሩነህ አበጋዝ» የሚል አገኘሁ። የአባባ ስም ነው። ስነካው ተገናኘ። ስክሪኑ ላይ ሳሎናችን ታየ፤ አባባም ከነጋቢው። ጣቴን ወደ ላይ ሳንሸራትት ተነሳ።

ችግሩ የስልኩ መስታወት ነበር። ጣቴ በላብ ይንሸራተታል። አባባ ሁለት ጊዜ ከቁም ሳጥኑ ጋር ተጋጨ።

«ቀስ» አለ፣ ማንንም ሳያይ።

በሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌዎች ሊመጡ ነበር። የላካቸው ውብሸት የሚባል የሒሳብ መምህር ነው፤ የሚጠይቁት እኔን ነው። አባት ተነስቶ ካልተቀበላቸው ገና ሳይናገሩ እምቢ እንዳላቸው ይቆጥሩታል። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ውብሸትን እወደው ነበር፤ ይህንንም ገና ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስወጣ ፒያሳ ወዳለ ስልክ መሸጫ ገባሁ። ባለሱቁ ሰዒድ ድሮ ኬሚስትሪ ያስተማርኩት ነው፤ አሁን የሁለት ልጆች አባት ሆኗል። ለስልክ የሚሆን ገመድ አልባ ጆይስቲክ ስለው ሳቁን ዋጠ።

«ቲቸር፣ ጨዋታ ጀመርሽ? ምን ዓይነት ነው?»

«አንድ ሽማግሌ አለ።»

«ይተኩሳል?»

«የለም። ተነስቶ እንግዳ ተቀብሎ ይቀመጣል።»

«ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ጨዋታ አልሰማሁም» አለና ሦስት አወጣልኝ። «ይሄ ርካሽ ነው፤ ግን ይዘገያል። ከተጫንሽው በኋላ ቆይቶ ነው የሚሄደው።»

«ይወድቅብኛል።»

«ይሄኛው ቆንጆ ነው። ባትሪው ግን ከሁለት ሰዓት አያልፍም።»

«ሽማግሌ ወሬ ከጀመረ ሁለት ሰዓት አይበቃውም።»

ሰዒድ ትክ ብሎ አየኝ። ሦስተኛው ግራጫና ከበድ ያለ፣ በአውራ ጣት የሚገፋ አጭር ዘንግ ያለው ነበር። ምልክቱ ግድግዳ ያልፍ እንደሆነ ጠየቅሁት። አንድ ግድግዳ ያልፋል አለኝ። የሚያስፈልገኝ አንድ ግድግዳ ነበር፤ ሽማግሌ ሲመጣ ልጅቷ ጓዳ ነው የምትቀመጠው።

እሑድ ሦስቱ ሽማግሌዎች ሲገቡ ጓዳ ሆኜ ዘንጉን በአውራ ጣቴ ቀስ አድርጌ ገፋሁ። አባባ ሳይንገዳገድ ተነሳ።

«በእግዜር፣ ይቀመጡ» አሉት። አስቀመጥኩት።

ትልቁ ሽማግሌ አቶ እንግዳወርቅ ቆመው «ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ነው የመጣነው» አሉ።

አረንጓዴውን ቁልፍ ስጫን አባባ «እሺ» እንደሚል ዓርብ ዕለት ሞክሬ አውቄያለሁ። ደንቡ ግን በመጀመሪያው ቀን እሺ ማለት ሳይሆን ቀጠሮ መስጠት ነው። ቀጠሮ የሚያሰጠውን ቁልፍ አላገኘሁትም። ጣቴን አረንጓዴው ላይ አሳረፍኩ። በአባቴ አፍ ራሴን ልድር መሆኔ ገባኝና አፈርኩ። ጆይስቲኩን የዱቄት ጆንያው ላይ አስቀመጥኩት።

ሳሎኑ ጸጥ አለ። አንደኛው ጉሮሮውን ጠረገ። ሌላው «መልሱ ይሄው ነው፤ እንሂድ» ሲል ሰማሁት። ከዘራ ወለሉን ሲነካ ተሰማኝ።

ስክሪኑ ላይ አባባ ተነሳ። ሁለቱም እጆቼ አፌ ላይ ነበሩ። ሳሎኑን አቋርጦ መጥቶ የጓዳውን መጋረጃ ገለጠ።

«ትወጂዋለሽ እንዴ?»

«አዎ፣ አባባ» አልኩ መሬት መሬቱን እያየሁ።

ጆንያው ላይ ያለውን ዕቃ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወደ ቀኝ ስታዞሪኝ ትቸኩያለሽ።»

ከዚያ ተመልሶ ለሽማግሌዎቹ የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጣቸው።

በማግስቱ ጠዋት ጆይስቲኩን ለሰዒድ ልመልስለት ብዬ ከስልኩ ጋር አጠፋሁትና መስኮቱ አጠገብ ካርቶኑን አነሳሁ። አባባ ውጭ ነበር። ሦስቱን ደረጃ ወርዶ ብቻውን ወደ አጥሩ በር ይሄዳል። መብራቱ የጠፋው ጆይስቲክ ጠረጴዛው ላይ ዘንጉን ወደፊት አዘንብሏል። አባባ እናቴ የተከለችው ጽጌረዳ ጋ ሲቆም ዘንጉ ቀጥ አለ። ወደ ቀኝ ሲዞር ወደ ቀኝ ዞረ፤ በዝግታ።

ካርቶኑን አስቀመጥኩት። አውራ ጣቴን ዘንጉ ላይ አሳረፍኩና፣ ሳልገፋው፣ እስከ በሩ ድረስ አብሬው ሄድኩ።