ከክምሩ ግርጌ የተሠራ ቤት

ምድር የተጫነባትን ሁሉ በዝምታ የምትሸከም፣ በደልንም የማታስታውስ ትመስላለች፤ ነገር ግን አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ሆዷ በራሰ ጊዜ የተሸከመችውን ትጥላለች፣ በምትጥልበትም ጊዜ በደለኛውን ከንጹሑ አትለይም። መለየት የሰው ሥራ ነውና፣ ይህን የምጽፈው ምድር ያልለየችውን ለመለየት፣ የባሌ የይትባረክም ስም ከአፈሩ ጋር ተዳፍኖ እንዳይቀር ነው።

ይትባረክ በድብኮ የወርቅ ማዕድን የአፈርና የውሃ ባለሙያ ነበረ። ወርቁ ከውስጡ ወጥቶ የተጣለው አለትና አፈር ከሠራተኛው ሠፈር በላይ ከዓመት ዓመት እየተቆለለ ተራራ አክሎ ነበር። በዚያ ክምር ልብ ውስጥ ረጃጅም የብረት ቱቦዎች ተተክለዋል፤ ባሌም ማለዳ ማለዳ በቱቦዎቹ አፍ የመለኪያ ገመዱን ይሰድዳል፣ የገመዱም ጫፍ ውሃ ሲነካ ድምፅ ይሰጣል። ውሃው ከጥልቅ ሲገኝ ክምሩ ደኅና ነው፤ ከቅርብ ሲገኝ ግን ከውስጥ አብጦ ተዳፋቱን ሊንደው ተቃርቧል። በአንድ ክፉ ሐምሌ ውሃው ከቅርብ ተገኘ። ይትባረክም ወደ ሥራ አስኪያጁ ወደ ኢንጂነር ምንውየለት ገብቶ፣ አፈር መድፋቱ ይቁም፣ ከሥር ያለውም ሕዝብ ይነሣ አለ። ያ ትዕቢተኛ፣ ያ ወርቅ ያሳወረው ሰው ግን በሠራተኛው ሁሉ ፊት ሳቀበት። «ይትባረክ፣ ተራራ ሲዋኝ አይተህ ታውቃለህ? አይዞህ፣ ተራራ አይዋኝም!» አለው። የአፈር መኪናዎቹም እየደፉ የቱቦዎቹን አፍ ቀበሩ፤ ምንውየለትም ቱቦው ከተሰወረ ውሃውም የተሰወረ ይመስል ልቡ አረፈ። ባሌ የአንዱን ቱቦ አፍ ቆፍሮ ሊያገኝ ወደ ክምሩ ወጣ፤ የተዳፋቱም አንዱ ወገን ተንዶ ይዞት ወረደ።

ከተዝካሩ በኋላ ምንውየለት እንደ አገሩ ሥርዓት ሽማግሌ አስቀድሞ፣ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ ከደጄ መጥቶ ተደፋ። ተበዳይ ድንጋዩን በእጇ ካላነሣችለት ይቅር አልተባለም። ባልቴት ከጣሪያና ከቀለብ በቀር ምን ትጠይቃለች ብሎ፣ የምፈርድበትን ሁሉ ሊፈጽም አስቀድሞ ምሎ፣ ዋስም ጠርቶ ነበር። ድንጋዩ ከወንዝ የተለቀመ፣ ልስልስ ያለ፣ ከቡሄ ሙልሙል የማይበልጥ ነበረ።

«ኢንጂነር፣ ድንጋይዎ ቀለለ፤ የኔ ባል የተሸከመው ተራራ ነው» አልሁት።

«እመት አምሳለ፣ ካሳዎን ልክፈል፤ ከአደጋው የራቀ ደኅና ቤት ላሠራልዎ» አለ ቀና ሳይል።

«ቤቱንስ ያሠሩ፤ ግን ለራስዎ። ከክምሩ ግርጌ ያሠሩት፣ እዚያው ይኑሩ፣ ማለዳም ገመዱን በገዛ እጅዎ ይስደዱ።»

የሽማግሌዎቹ አለቃ መምሬ ጥሩነህ ደንግጠው፣ «ልጄ፣ ይህ እርቅ ነው ወይስ ግድያ?» አሉኝ።

«አባቴ፣ እኔ ልጆቼን ይዤ የምተኛበት ቦታ ለእርሱ ግድያ ከሆነ፣ እኛስ እስከ ዛሬ ምን ስንሆን ኖርን?»

መምሬም ወደ በደለኛው ዘወር ብለው፣ «እንግዲህ ምለሃል» አሉት።

ቤቱ ተሠራ፣ አዳዲስ ቱቦዎችም ተተከሉ። ምንውየለት ደመና ባየ ቁጥር ሲገረጣ፣ ከሰውነት ተራ ሲወጣ፣ እኔ ከደጄ ቆሜ እያየሁ እንደ ማር ጣፈጠኝ፤ አልዋሽም። በሚቀጥለው ክረምት አንድ ማለዳ ገመዱን በአንገቱ እንደ ጠመጠመ እየሮጠ መጣ።

«እመት አምሳለ፣ ውሃው ከቅርብ ጮኸ! ከመሐላው ይፍቱኝ፣ ከዚያ ቤት ልውጣ!»

«አይዞዎት፣ ተራራ አይዋኝም» አልሁት።

ፊቱ አመድ ለበሰ፤ የማን ቃል እንደ ሆነ አውቆታልና። ከመሐላው ማምለጫ ባጣ ጊዜ መኪናዎቹን አቆመ፣ ሠፈሩን አስነሣ፣ ከክምሩ እግር ሥር ቦይ አስቀደደ፤ ለባሌ ነፍስ የነፈገውን ለገዛ ነፍሱ በአንድ ቀን ፈጸመው። ክምሩም የዋጠውን ቀይ ውሃ ተፋ፣ ውሃው ወደ ጥልቁ ተመለሰ፣ ሕዝቡም ወደ ቤቱ ገባ።

መስከረም ሲጠባ ምንውየለት ከሽማግሌዎቹ ጋር ዳግመኛ መጣ፤ ድንጋዩ አሁን ከክምሩ የተነሣ፣ ወገብ የሚያጎብጥ ነበረ። እጄን በድንጋዩ ላይ አኖርሁ።

«ዛሬ ገመዱን ሰደዱ?» አልሁት።

«ዛሬስ... የእርቅ ቀን ነው ብዬ ተውሁት።»

እጄን አነሣሁ፤ ድንጋዩን ግን አላነሣሁለትም። «እንግዲያው ይሂዱ፤ ሳይመሽ ይስደዱ» አልሁት፤ እርሱም ሸክሙን እንደ ያዘ ወደ ክምሩ አቀና። ይቅር የተባለ በደለኛ እንቅልፉን ይተኛል፤ ይቅር ያልተባለ ግን ሌላው እንዲተኛ ነቅቶ ይኖራል።