የሙከራዋ ታካሚ

የሥራ ባልደረቦቹ «ጥርጣሬ» ይሉታል፤ እሱም ስሙን ወዶታል። ፕሮግራመር ካልተጠራጠረ ምን ሊሆን ነው? ቢሮ ውስጥ ኮድ ለመጻፍ ፓይተን የሚባለው ቋንቋ ይሻላል፣ ጃቫ ይሻላል እያሉ ጉሮሯቸው እስኪነቃ ሲከራከሩ እሱ ከት ብሎ ይስቃል። «ቋንቋው ምን አደረገ? ሳይሞክር የሚልክ ሰው በየትኛውም ቋንቋ ቢጽፍ ያው ጉድ ነው የሚያፈላው» ይላል። በተለይ «ነፋሱ» ለሚሉት፣ ጠዋት ጽፎ ቀትር ላይ ለሚልከው ባልደረባው፣ «ቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ» የምትለዋን ሳይሰለች ይደጋግምለታል።

እውነቱን ነው። የሚሠሩት የሆስፒታል ፕሮግራም ነው፤ በዚህ ቀልድ የለም። ስለዚህ ጥርጣሬ አንድ መሣሪያ ሠራ፤ «ጫኚው» ይሉታል። አንድ ሰው ሥራውን በላከ ቁጥር ጫኚው ሙከራዎቹን ያስኬዳል፤ ሁሉም ካለፉ ብቻ አዲሱን ሥራ የሆስፒታሉ ኮምፒውተሮች ላይ ይጭናል። ከሙከራዎቹ አንዱ፣ እሱ በጣም የሚኮራበት፣ ሦስት እርምጃ አለው። መጀመሪያ አንዲት የውሸት ታካሚ በሙሉ ስሟ ተጠርታ አልጋ ትይዛለች። ቀጥሎ ትሞታለች፤ ለሟች መድኃኒትና ቀጠሮ እንዳይታዘዝ የሚረጋገጠው ያኔ ነው። በመጨረሻ ሞቷ ይሰረዝና መዝገቧ እንደነበረ ይመለሳል።

ታዲያ ለታካሚዋ ስም ሲያስፈልገው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የእናቱን ሙሉ ስም፣ የልደት ቀኗን፣ የደም ዓይነቷን ሳይቀር ጻፈ። በቃሉ የሚያውቀው የእሷን ነበራ! የዚህ ሥራ ሰዎች ሁሉም ያደርጉታል፤ አንዱ ሚስቱን፣ አንዱ አማቱን ያስገባል። አማቱን ያስገባው እንኳ ሙከራው በተካሄደ ቁጥር ደስ ይለኛል እያለ ይቀልዳል።

ነገሩ የጀመረው እናትየው ጉልበቷን አሟት እሱ ዘንድ የከረመች ጊዜ ነው። እሱ ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ይሠራል፤ እሷ ከጀርባው ሶፋው ላይ ጋደም ትላለች። አንድ ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ሸለብ እንዳደረጋት «አቤት!» አለች።

«ማን ጠራሽ እማዬ?»

«አንተ ነህ እንጂ! እስከ አያቴ ድረስ ጠራኸኝ። ምነው፣ እናትህን እንደ ተከሳሽ?»

ሳቀ። በማግሥቱ ግን ደገመች፤ ያን ቀን ደግሞ «አቤት» ካለች በኋላ ፊቷ አመድ መሰለ፣ ትንፋሿ ጠፋ፣ ወዲያው «እፎይ!» ብላ ነቃች።

«ልጄ፣ አንድ ጨለማ ቦታ ያደርሱኝና ይመልሱኛል።»

«እነማን?»

«እኔ ምን አውቄ! ብቻ አንድ ቀን መመለሱን እንዳይረሱት።»

ዕድሜ ነው፣ ቅዠት ነው እያለ ራሱን አሞኘ። ግን ተጠራጣሪ ነውና አላስቻለውም። ስክሪኑ ጥግ ላይ «ሙከራ ተጀመረ» የምትለዋ ጽሑፍ ብቅ ባለች ቁጥር ከጀርባው «አቤት» እንደሚሰማ ልብ አለ። ነፋሱን ለምኖ አንድ ጠዋት ምንም እንዳይልክ አደረገው፤ እናትየው እንደ ሕፃን ተኛች። ከዚያ ሙከራውን በገዛ እጁ አስነሳው። «አቤት!» አለች ከጀርባው።

ስሟን ለማውጣት ኮዱን ከፈተ። አንድ ፊደል ሳይነካ ያ ነፋስ የሆነ ሰውዬ ሥራ ላከ! «አቤት» አለች፤ ድምጿ ከሩቅ የመጣ ይመስላል። ስክሪኑ ላይ ሁለተኛው እርምጃ ጀመረ። ዘወር ሲል ከንፈሯ ጠቁሯል። ጥርጣሬ፣ በዕድሜው አንድ ነገር ሳያጣራ ነክቶ የማያውቀው ሰው፣ ደንግጦ «አቁም» የሚለውን ተጫነ። ምነው ያን ጊዜ እጁን በቆረጠው!

ሙከራው ቆመ፤ ሁለተኛው እርምጃ አልቆ፣ ሦስተኛው ሳይጀምር።

እፎይታዋ አልመጣም። «እማዬ? እማዬ!» እጇ ቀዝቅዟል፣ ደረቷ አይንቀሳቀስም። ወደ ኮምፒውተሩ ሮጦ ሙከራውን እንደገና አስነሳ። በቀይ መለሰለት፤ «ይህች ታካሚ ሞታለች። አልጋ ሊያዝላት አይችልም።» ሟች በስሕተት እንዳትታከም ብሎ ራሱ የጻፈው ነው። ሦስተኛውን እርምጃ ለብቻው ማስነሳትም አይቻልም፤ ያንንም የከለከለው ራሱ ነው።

የቀረው እንደ አዲስ ታካሚ መመዝገብ ብቻ ነበር። ስም፣ የልደት ቀን፣ የደም ዓይነት። እንባው እየጋረደው፣ ግድ የሆኑትን ብቻ ሞልቶ ላከ። «ተመዝግባለች» አለው፣ በአረንጓዴ።

ከጀርባው ሳል ተሰማ። ዞር ሲል እናቱ ተነሥታ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ላይ ደም ተመልሷል። እግሯ ላይ ተደፋ። «እማዬ! እግዜር ይመስገን!»

እሷ ግን እግሯን ሰብስባ ሸሸች። «ይቅርታ የኔ ጌታ፣ ማንን ነው የሚፈልጉት? የማን ቤት ነው ይሄ?»

«እኔ ነኝ እኮ! ልጅሽ!»

«ኧረ እኔ ልጅ የለኝም» አለች፣ እንዳታስቀይመው እየተጠነቀቀች።

ተመልሶ ስክሪኑን አየ። «የቅርብ ዘመድ» የሚለው ቦታ ባዶውን ተቀምጧል። ስሙን ሞላበት፤ ጫኚው ግን አንዴ የተመዘገበ ሲታረም ሙከራው ከመጀመሪያው መካሄድ እንዳለበት፣ ያለ ሙከራው እርማት እንደማይቀበል አሳሰበው። ሁለተኛው እርምጃ ሞት ነው። ትመለስ ይሆናል፤ ላትመለስም ትችላለች። ጣቱ ቁልፉ ላይ እንዳለ ብዙ ቆየ፣ ልቡ ግን እንቢ አለው። የገዛ ስሙን ፊደል በፊደል አጠፋ፤ ከዚያ ሙከራውን ከነጭራሹ ሰረዘው። ነፋሱ «አንተ? ሙከራ ሰረዝክ?» ብሎ ሲጽፍለት ኮምፒውተሩን ዘጋው።

ውሃ ቀድቶ በሁለት እጁ አቀረበላት። ጠጥታ ስትጨርስ አየት አደረገችው።

«ለመሆኑ እርስዎ ማን ነዎት?»

«ጎረቤት ነኝ፣ እማማ።»

«አይ ደግነት!» አለች፣ ብርጭቆውን እየመለሰችለት። «እርስዎን የወለደች እናት ታድላ!»