ብሌን የሌለው የማኤስትሮ ፋውስቶ ፊት

በጣሊያኗ የእብነ በረድ ከተማ በካራራ የቀራጩን የማኤስትሮ ፋውስቶን መሮ ያልቀመሰ ድንጋይ የለም ይባላል። እሱ ግን ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ድንጋይን የሚያውቀው በመዳፉ ብቻ ነው። ዐይኑ ጠፍቷል። ይህን ለማንም አልተነፈሰም፤ የከተማዋ ካህናት የሞቱትን ጳጳስ የመቃብር ሐውልት ሥራ ለማን እንደሚሰጡ ገና አልወሰኑም፣ ለዕውር ደግሞ ማን ይሰጣል?

አሁን ደግሞ እህቱ ኦርሶላ ከደረቱ በላይ ያለውን መልኩን በእብነ በረድ ቀርጻ ጨርሳለች። ዛሬ የካህናቱ አለቃ አባ ጋስፓሬ የከተማዋን ሽማግሌዎች ይዘው ሲመጡ ልትገልጠው ነው። ነገሩ ለፋውስቶ አልጣመውም። አፏ የማያርፈው ሴት ስትቀርጸው ለምን ዝም አለች? ሰው ሲመጣስ ለምን እንደ መዥገር ክንዱ ላይ ትለጠፋለች? ሥራዬን ልትነጥቀኝ ነው፣ አለ በሆዱ።

ቅዳሴ እስክትሄድ ጠብቆ ጨርቁን ገፈፈና የሐውልቱን ፊት ዳሰሰ። አፍንጫው የራሱ ነው፤ ከንፈሩም። ዐይኑ ላይ ሲደርስ ልሙጥ ነው፤ ብሌን የለውም! ደሙ ፈላ። እርግጥ እሱ ራሱ በዕድሜው ለአንድም ሐውልት ብሌን ቀርጾ አያውቅም፤ የዘመኑ ደንብ ነው። ተጠራጣሪ ልብ ግን ደንብ አያውቅም።

ኦርሶላ ስትመለስ እዚያው ቆሞ ጠበቃት።

«ዕውር አድርገሽ ቀረጽሽኝ አይደል?»

«ምን ነካህ? አንተ ለአፖሎ ሐውልትህ ብሌን ሠርተህለታል? ያስተማርከኝ አንተ!»

«አታሹፊብኝ! ልታዋርጂኝ ነው። ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም» አለች ኦርሶላ። «እህትህ አይደለሁ? አይቼ ነው። እንግዶቹ ሲመጡ እንደ ሁልጊዜው አጠገብህ ልቁምና...»

«አጠገቤ? ከበሩ ንቅንቅ እንዳትዪ! አንዲት እርምጃ ብትጠጊኝ ከዚህ ቤት ትወጫለሽ። ያበጠው ይፈንዳ!»

«እሺ። ያልከው ይሁን።»

እንግዶቹ መጡ። ጨርቁ ተገለጠ። «አቤት! ሊናገር ምንም አልቀረው» አሉ አባ ጋስፓሬ። ፋውስቶ ጆሮውን ቀስሮ ስለ ዐይኑ የሚንሾካሾክ ፈለገ፤ አንድም የለም። በእህቱ ላይ ያሰበው ሁሉ አሳፈረው።

«እህቱን እንዲህ አድርጎ ያስተማረ ሰው መቃብሩንም ይሥራ» አሉ አባ ጋስፓሬ። «በሉ ማኤስትሮ፣ እንጨባበጥና ነገሩ ይለቅ።»

ፋውስቶ ደስ ብሎት እጁን ዘረጋ። አየር ጨበጠ። ወደ ግራ ወሰደው፤ እዚያም አየር ነው። እስከ ዛሬ ክንዱን ይዞ እጁን ሰው እጅ ላይ ያደርስለት የነበረው ማን እንደሆነ ያኔ ገባው።

«ማኤስትሮ» አሉ ቄሱ ቀስ ብለው፣ «እጄ እኮ እዚህ ነው።»

የኦርሶላ ጫማ ከበሩ በኩል እየሮጠ ሲመጣ ተሰማው። ከበሩ እስከ እሱ ግን ሩቅ ነበር።