«አፋልጉኝ» የሚለው መስመር

ዘቢደር የማትጠቀምበት ነገር ዓይኗ ሥር እንዲቀመጥ አትወድም። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ ባለው ማተሚያ ቤቷ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ፎቶ ይዛ የማውዙን ቀኝ ቁልፍ ስትጫን የሚዘረገፈው ምርጫ ሁሉ ያናድዳት ነበር። ስለዚህ የኮምፒውተሩን ቅንብር የሚይዘው ሬጂስትሪ ውስጥ ገብታ ትርፉን አጠፋችና የራሷን አስገባች፦ ሰርግ፣ ምርቃት፣ ሐዘን። «ሰርግ» ሲነካ ፎቶው በአበባ ይከበባል። «ሐዘን» ሲነካ ቀለሙ ይጠፋል፣ ጥቁር ክፈፍ ይገባል፣ ከሥሩ «ነፍስ ይማር» ይጻፋል። ወደ ለቅሶ የሚቸኩል ሰው ብዙ መቆም የለበትም።

አራተኛውን የጨመረችው ባሏ ውበቱ ከጠፋ በኋላ ነው። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርዶ «ደርሻለሁ» ብሎ ደወለ፤ ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይጠራም። አብረውት የወረዱት ሰዎች መንገድ ላይ ተለያየን ከማለት ሌላ የሚያውቁት የለም። «አፋልጉኝ» የሚለው መስመር ፎቶውን በቀለሙ ይተወውና ስሙን፣ ቁመቱን፣ ለብሶት የሄደውን ጃኬትና የእሷን ስልክ ከሥር ያሰፍራል። የታተመውን መናኸሪያው ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች። ፀሐይ ቀዩን ቀለም ቀድማ እንደምትበላ ከዚያ ግድግዳ ተምራለች። የውበቱ ፊት ወደ ሰማያዊ ሲያደላ አዲስ አትማ በላዩ ትለጥፋለች።

አንድ ሐሙስ የውበቱ እናት እማማ ወለተ ሚካኤል ከታናሽ ወንድሙ ከዘመነ ጋር ከይጁቤ መጡ።

«እማማ፣ ምነው ሳይደውሉ? ይቀመጡ እንጂ።»

«መቀመጡ ይቆየኝ። የልጄን ፎቶ አውጭልኝ። እሑድ ለቅሶውን ላለቅስ ነው።»

ዘቢደር እጇን ከማውዙ ላይ አነሳች። «ማን አረዳዎት?»

«ማንም። የሚያረዳኝ ስጠብቅ እኔው በሞት ልቀድም ነው። ራሴ ለራሴ አረዳሁ።»

«ያየ ሰው የለም እኮ። አስከሬን የለም። ያልታየ ነገር እንዴት...»

«አንች ሞትንም በጉርድ ፎቶ ካላመጡልሽ አታምኝም» አለ ዘመነ።

«ዝም በል አንተ!» አሉት እናቱ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ የሰው ለቅሶ እየሄድሁ የራሴን ልጅ አለቅሳለሁ። ባለፈው የጎረቤቴ አማት ሲሞቱ ከባለቤቶቹ በላይ ጮህሁ። ሴቶቹ አወቁብኝ፤ ‹ይህች የማንን ነው የምታለቅስ?› ይላሉ። እስከ መቼ በሰው ሐዘን ተደብቄ አለቅሳለሁ? የራሴን ቀን ስጭኝ።»

ዘቢደር ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች።

ፎቶውን ከፈተች፤ ቀኙን ቁልፍ ተጫነች፤ ሦስተኛውን፣ «ሐዘን»ን መረጠች። የጃኬቱ ቡናማ ሄደ፣ የከንፈሩ ቅላት ሄደ። እማማ ወለተ ሚካኤል ወደ ኮምፒውተሩ መስታወት ጠጋ ብለው ጉንጩን በጣታቸው ነኩት።

«አባቱን መሰለ» አሉና እዚያው ማልቀስ ጀመሩ።

ወረቀቱ ታትሞ እስኪወጣ ዘመነ ግድግዳ ግድግዳውን ያይ ነበር። ሲወጣ ተቀብሎ ጠቀለለው። «እንግዲህ የመናኸሪያውን አንሽው። እሑድ ሰው ከየአገሩ ይመጣል። እዚህ አፋልጉኝ፣ እዚያ ነፍስ ይማር፤ መሳቂያ ልንሆን ነው?» ወደ ኮምፒውተሩም በአገጩ ጠቆመ። «ከዚህም ይጥፋ።»

«ኮምፒውተሬን የምነካ እኔ ነኝ።»

«ተናገርን እንጂ ነካን?»

እናትየው በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። «ከል ለብሰሽ አጠገቤ ትቀመጫለሽ?»

ምን እንደተጠየቀች ዘቢደር አልጠፋትም። ከልና ለቅሶ አንዴ ከሆኑ በኋላ ሚስት መባሏ ይቀራል።

«እመጣለሁ፣ እማማ» አለች።

ከሄዱ በኋላ መናኸሪያው ግድግዳ ሄዳ ወረቀቱን በጥፍሯ ላጠችው። ከሥሩ ሌላ ነበር፣ ከዚያም ሥር ሌላ፤ እየወረደች በሄደች ቁጥር ፊቱ ሰማያዊ እየሆነ፣ ስሙ እየደበዘዘ ሄደ። የመጨረሻው ከግድግዳው ቀለም ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ አለ። ተወችው፤ ማንም አንብቦ የሚረዳው አልነበረም።

ተመልሳ ሬጂስትሪውን ከፈተችና «አፋልጉኝ» የሚለው ላይ ቆመች። «ይጥፋ» የሚለውን መርጣ፣ ኮምፒውተሩ እርግጠኛ መሆኗን ሲጠይቃት «አይ» አለችው። ከዚያ ኮሌጅ ሳለች የተማረችውንና አንድም ቀን ያልሠራችበትን ነገር አደረገች፦ ከመስመሩ ሥር «ኤክስቴንድድ» የሚል ስም ያለው ባዶ መዝገብ ጨመረች። እንዲህ የተደረገ ምርጫ ዝም ብሎ ቀኝ ቁልፍ ለሚጫን ሰው አይታይም። የሚወጣው ሺፍት ተይዞ ሲጫኑ ብቻ ነው። ሞከረችው። ሦስት ብቻ ወጡ።

እሑድ ይጁቤ ሄደች። ከል ለብሳ በአማቷ ጎን ተቀመጠች፤ ሙሾ ሲወርድ አንገቷን ደፋች። እማማ ወለተ ሚካኤል ድምፃቸው እስኪዘጋ አለቀሱ፤ ማንም የማንን ነው የሚያለቅሱት አላለም።

ሰኞ ጠዋት ሱቋን ስትከፍት የሚኒባስ ትኬት የሚቆርጠው ደመላሽ አየት አደረጋት። እስከዚያ ቀን ድረስ ሁልጊዜ «ወሬ አለ እንዴ?» ይላት ነበር፤ እሷም «እስካሁን የለም» ትለው ነበር።

«እግዜር ያጽናሽ፣ ዘቢደር» አለና ትኬት ወደሚጠብቅ ተሳፋሪ ዞረ።

አንዲት ተመራቂ ፎቶ ይዛ ገባች። ዘቢደር «ምርቃት»ን ነካች፤ ልጅቱም ደስ ብሏት ወጣች። ቤቱ ባዶ ሲሆን የውበቱን ፎቶ አወጣች። በግራ እጇ ሺፍትን ያዘች፣ በቀኟ ተጫነች፣ አራተኛው መስመር ወጣ። አልነካችውም። ሌላ ደንበኛ እስኪመጣ ድረስ ቁልፉን እንደያዘች ተቀመጠች።