የሊሳማ ፍርድ

ጂንሲ እስክሪብቶውን አንስታ መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ጠበቃዋ ግሬም ምን እንደነካት አልገባውም። የኢሚግሬሽን ሚኒስትሩ ወገን ስህተቱን አምኗል፤ እሷ ከፈረመች የቪዛ ማመልከቻዋ ተመልሶ እንደ አዲስ ይታያል፣ ችሎት መቆምም ይቀራል።

“ለምን አመኑ?” አለችው።

“የሊሳማ ፍርድ አለ ብዬዎታለሁ። ከዚያ ወዲህ መከራከሪያ የላቸውም።”

አሁንም ሊሳማ። እሷና ሊሳማ አድላይድ ከተማ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት አብረው ያበስላሉ። የወለዱት በአንድ ዓመት ነው፤ የባለሙያ ቪዛ የተከለከሉትም በአንድ ምክንያት፣ የወሊድ ፈቃድ ጊዜያችሁ ከሥራ ልምድ አይቆጠርም ተብለው። “ፈቃድ የወጣ ሰው እኮ ሥራውን አልለቀቀም፤ ደንቡ የሚለው ተቀጥሮ የቆየ ነው” ብላ ሽንኩርት እየከተፈች የተናገረችው ጂንሲ ነበረች። ሊሳማ ይህንኑ መከራከሪያ ይዛ ቀድማት ፍርድ ቤት ገባች። ዳኛውም ልክ እንደዚያው ፈረዱ። አሁን ከትውልድ ግዛታቸው ከኬረላ የመጣው ሁሉ ከቅዳሴ ሲወጣ ሊሳማን ከቦ ምክር ይጠይቃል። ያን ባየች ቁጥር የጂንሲ አንጀት ያርራል። ቅናት መሆኑን ታውቃለች፤ ማወቋ ግን አላበረደላትም።

“ባልፈርምስ? በራሴ ስም ዳኛ ፊት ብከራከርስ?”

ግሬም ወራት እንደሚፈጅ፣ ሌላ ዳኛ ደንቡን በሌላ መንገድ ሊተረጉመው እንደሚችል፣ ከተሸነፈች ደግሞ ሻንጣ መሸከፍ እንደሚከተል ነገራት።

ባሏ ጆሞን ጭኑ ላይ የተኛውን ልጃቸውን አስተካከለና በአገራቸው ቋንቋ፣ “አንቺ ሴትዮ፣ ስም ይበላል እንዴ?” አላት።

“ሐሳቡ የኔ ነበር።”

“ያንቺ ነበር፤ እኔ አውቃለሁ። ይሄን ልጅ እዚህ የሚያሳድገው ግን ፊርማሽ ነው።”

ልጁን አየችው። አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችና ፈረመች።

ግሬም ደስ አለው። ሊሳማ በየሳምንቱ እየደወለች የጂንሲ ነገር ከምን ደረሰ እያለች እንደምታደርቀው፣ እንቅልፍ እንኳ እንደነሳት ተናግሮ፣ ጂንሲ ከፈቀደችለት አሁኑኑ ሊያበስራት ስልኩን አነሳ።

ጂንሲ እጇን ስልኩ ላይ ጫነች።

“አይንገሯት” አለች። “ጥቂት ቀን ትጨነቅልኝ።”